«እስካላድ» ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን ልበለው?

ብዕረኛው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጄኔቫ ታሪክ የተጻፈ ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በ1602 እ.ኤ.አ. የጎረቤቷ ግዛት የሳቮይ መስፍን ጦር ከተማዋን በሌሊት ለመያዝ ያደረገውን ሙከራ «እስካላድ» ይለዋል። በይነመረብ ላይ ስፈልገው የሚመጣልኝ በዚህ ስም የሚጠራው የካዲላክ መኪና ነው። ትርጉሙንና ምንጩን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ለጊዜው «ቅጥር ጥሶ መግባት» ብዬዋለሁ።

ወለተ ታሪክ፦ ወንድሜ፣ «ጥሶ» የሚለውን ብትተወው ይሻላል። እስካላድ መሰላል አስደግፎ በምሽግ ወይም በከተማ ቅጥር ላይ መውጣት ነው። ግንብን በመድፍ መደርመስ ወይም ከሥሩ ቆፍሮ መግባት ሌላ የውጊያ ስልት ነው። በእስካላድ ግንቡ አይፈርስም፤ በላዩ ይታለፋል። ለዚህም ነው ጨለማና ፍጥነት የሚፈልገው። መሰላል ላይ ያለ ወታደር እጁ ተይዟል፤ ከላይ ድንጋይ ቢለቁበት መከላከያ የለውም፤ መሰላሉ ካጠረ ወይም ከተሰበረም ነገሩ አበቃ።

ጄኔቫ ላይ የሆነውን ተመልከት። ዲሴምበር 11 ለ12 አጥቢያ (ከተማዋ ያኔ በምትከተለው አሮጌው አቆጣጠር) የመስፍኑ ሰዎች ጥቁር ቀለም የተቀባና እየተገጣጠመ የሚረዝም መሰላል ይዘው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ወጥተው ከተማ ውስጥ ገቡ። ዕቅዳቸው በሩን ከውስጥ ከፍተው ዋናውን ጦር ማስገባት ነበር። ግን ዘበኞች ነቁባቸው፣ ደወል ተደወለ፤ ኢዛክ መርሲዬ የተባለ የከተማዋ ሰው የበሩን ከባድ ፍርግርግ ከላይ ለቀቀው፤ ከግንቡ የተተኮሰ መድፍም መሰላሎቹን ሰባበረ። ከጄኔቫ ወገን 18 ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም።

የአብነት ተማሪ፦ ስለ ምንጩ ልጨምር። ሥሩ የላቲኑ «ስካላ» ነው፤ መሰላል ማለት ነው። ጣሊያኖች ከዚያ «ስካላታ» አሉ፣ ፈረንሳዮችም «እስካላድ»። በየሕንፃው የምንወጣበት እስካሌተርም ከዚሁ ሥር ነው።

በግዕዝ መሰላል «ሰዋስው» መሆኑንም አስታውስ። የቋንቋ ትምህርቱም የቃላት መፍቻ መጻሕፍቱም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ የግብፅ ቅብጦችም መሰል መጻሕፍታቸውን በዓረብኛ «ሱለም»፣ መሰላል፣ ይሏቸው ነበር። እኔ ብሆን «በመሰላል ቅጥር መውጣት» እለዋለሁ። ትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 2 ቁጥር 7 ላይ የሰልፈኞቹ ነገር የተነገረው «መውጣት» በሚለው ግሥ ስለሆነ ለአንባቢ ጆሮ አዲስ አይሆንም።

ወሎዬው፦ «በመሰላል» የሚለው እንዳይቀርብህ፤ ያለ መሰላል ቅጥር የተወጣበትም ጊዜ አለና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ መሐንዲሶች የአምባውን በር የሚያፈርሱበትን ባሩድም መሰላሉንም ሳይዙ ደረሱ። የ33ኛው ሬጂመንት ወታደር በርጊንና ታምቡር መቺው ማግነር አንዱ ሌላውን እየደገፈ፣ የእሾህ አጥሩን ገልጠው ከበሩ አጠገብ ወጡ። ሁለቱም የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የቪክቶሪያን መስቀል፣ የተሸለሙት በዚህ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት በዚያው ቀን ነውና ይህን ታሪክ ሳነበው ሁልጊዜ ያመኛል። የመቅደላውን እኔ «ቅጥር ዘሎ መግባት» እለዋለሁ፤ የጄኔቫው ግን ያለ መሰላል አይነገርም።

ብዕረኛው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። «በመሰላል ቅጥር መውጣት»ን ወስጃለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጽሑፉ በየዓመቱ የቸኮሌት ድስት እንደሚሰብሩ ይናገራል። ይህም እስካላድ ነው የሚባለው?

ወለተ ታሪክ፦ አዎ፣ በዓሉም በዚያው ስም ነው የሚጠራው። እናት ሯዮም የሚሏት ሴት በዚያ ሌሊት ትኩስ ሾርባ ከነድስቱ በመስኮት በወታደሮቹ ላይ ደፋችባቸው ይባላል። ድስቱ የእርሷ መታሰቢያ ነው፤ በውስጡ ከለውዝ ሊጥ የተሠሩ አትክልቶች ይጨመሩና በቤቱ ያሉት ትልቁና ትንሹ ሰው አብረው ይሰብሩታል። ስለዚህ ውጊያውን ተርጉመው፣ የበዓሉን ስም ግን «እስካላድ» ብለህ እንዳለ ተወው።