ለክረምቱ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን በየትኛው ቅደም ተከተል እናንብብ?

ጠያቂ (ከአዘዞ)፦
የተከበራችሁ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ወዳጆች፣ የጎንደር የሐምሌ ዝናብ ከቤት በማያስወጣበት በዚህ ወቅት ኤድጋር አለን ፖ ዱፓን ስለተባለ መርማሪ በጻፋቸው ሦስት ታሪኮች ጀምሬ፣ በአርተር ኮናን ዶይል መርማሪ በሼርሎክ ሆምስ በኩል አልፌ፣ በአጋታ ክሪስቲ ሥራዎች ለመጨረስ አቅጃለሁ። ይህን የዘመን ቅደም ተከተል እንዴት ታዩታላችሁ? እናንተስ ምን ልታነቡ አስባችኋል?

መልስ (ከማራኪ)፦
ወንድሜ፣ ዕቅድዎ መልካም ነው፤ ዘርፉ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታተመው የፖ ታሪክ ወዲህ እንዴት እንዳደገ በግልጽ ያሳይዎታል። ሆምስ ግን 4 ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ስላሉት፣ ሁሉንም በአንድ ክረምት ለመጨረስ አይቸኩሉ። እኔ ዘንድሮ አጫጭሮቹን ብቻ አነባለሁ።

መልስ (ከፒያሳ)፦
እኔ በበኩሌ ክሪስቲን አስቀድማለሁ። ሆምስ ያስተዋለውን ፍንጭ አንባቢው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ምሥጢሩ ከተፈታ በኋላ ሲሆን፣ ክሪስቲ ግን ፍንጩን ፊት ለፊታችን አስቀምጣ ዓይናችንን ወደ ሌላ አቅጣጫ ታዞራለች፤ ለእኔ የዘርፉ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ከመጀመሬ በፊት መጽሐፉን ከድኜ፣ የጠረጠርኩትን ሰው ከነምክንያቱ በማስታወሻዬ እጽፋለሁ። በ1926 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሮጀር አክሮይድ ግድያ ታሪክ ግን ፍጻሜውን ማንም ሳይነግርዎት ቶሎ ያንብቡት።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያው አክሮይድን አስቀድማለሁ፤ መጽሐፉ ያላችሁ ብታውሱኝ እኔም የሆምስን አጫጭር ታሪኮች አውሳለሁ።