አስቸኳይ፦ ፊቴ እየተቃጠለ ነው፣ እሁድ ደግሞ ሚዜ ነኝ

ሚዜው፦ ወገኖቼ፣ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። እሁድ የጓደኛዬ ሠርግ ነው፤ አንደኛ ሚዜ እኔ ነኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግንባሬና ጉንጬ ያቃጥለኛል፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቀልቶ መላጥ ጀምሯል። ብጉሩ ግን እዚያው አለ! ፎቶ የምንነሳው ፋሲል ግንብ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከዚህ የበለጠ ኃይለኛ ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ፒያሳ ነኝ፣ አሁኑኑ እገዛለሁ።

ባለ ባጃጁ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ሚዜን ማንም ፊቱን አያየውም። የሚያዩት እጁን ነው፣ ጠጁን ማን እንደጨረሰው ለማወቅ።

የማራኪዋ፦ የጥርስ ሳሙና ቀብተህበት እደር። ጠዋት ደርቆ ታገኘዋለህ።

የቀለም ሰው፦ ነገሩ ከሥሩ መታየት አለበት። ብጉር የደም መቆሸሽ ምልክት ነው። በእኛ ጊዜ ወጣቱ ይጾም ነበር፣ በእግሩ ይሄድ ነበር፣ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ፊቱም የጠራ ነበር። ዛሬ በቅቤ የራሰ ክትፎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ከዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ። ደም ከቆሸሸ ቆሻሻው መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ከውጭ መቀባቱን ትተህ ውስጥህን አጽዳ። ስለ ጉበት ደግሞ ነገ እመለስበታለሁ።

ከመድኃኒት ቤት፦ ቆይ፣ ለመሆኑ ምን ቀብተህ ነው? ዋናውን ሳትነግረን ሌላ ኃይለኛ ነገር ትጠይቃለህ።

ሚዜው፦ የተለየ ነገር የለውም፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። በደንብ እንዲያጸዳ በሻካራ ጨርቅ ፈገፈግሁት። ከዚያ የጥሪ ካርድ ለማደል ወጣሁ፣ እስከ አዘዞ ድረስ።

የማራኪዋ፦ የጥርስ ሳሙናው ግን ሚንት ያለበት ይሁን።

ከመድኃኒት ቤት፦ እህቴ፣ በተላጠ ፊት ላይ ሚንት? ተዪው እባክሽ።

ሚዜው፣ ፊትህን ያቃጠለው ብጉሩ ሳይሆን መድኃኒት ያልኸው ነው። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ ወደ 2 ይወርዳል፤ ሶዳው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይጎትተዋል፣ ከ8 በላይ ነው። የባሰው ግን ካርድ ልታድል መውጣትህ ነው። ሎሚ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ጠባሳቸው ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

አሁን ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ታጠብ፣ አትሸው። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገህ ቀባ። ሌላውን ሁሉ አቁም፤ የሚላጠውን አትንቀል፣ ብጉሩን አታፍርጥ። ስትወጣ ባርኔጣ አድርግ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ዓይንህ አካባቢ ካበጠ ግን እኛን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።

የአዘዞው፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ብጉርን እስከ እሁድ የሚያጠፋ ነገር ቢኖር ኖሮ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወረፋ እናይ ነበር። ደግሞስ «እንዲያጸዳ» ማለት ምን ማለት ነው? ፊትህ ድስት ነው?

ሚዜው፦ እና ቆሻሻ ካልሆነ ምንድን ነው? አፍንጫዬ ላይ ያሉት ጥቁር ነጥቦች ቆሻሻ አይደሉም? በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና እየታጠብሁ አይጠፉም።

ከመድኃኒት ቤት፦ ቆሻሻ ስላልሆኑ ነው የማይጠፉት። በሆርሞን ምክንያት የቆዳ ቅባት ይበዛል፣ ቀዳዳው በቅባትና በሞቱ ሕዋሳት ይደፈናል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ያብጣል፤ ብጉር ይህ ነው። ጥቁሩ ነጥብ የተደፈነው ቀዳዳ አፉ ክፍት ሲሆን አየር ያጠቆረው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ ማጽጃ ይበቃል። ጋሼ የቀለም ሰው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደሙም አልቆሸሸም።

የአዘዞው፦ በርበሬውንም በነጻ አሰናብቱት። በስኳርና በላም ወተት ላይ ግንኙነት ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የጋሼ ክስ ግን ማስረጃ የለውም። ቅቤ የሚጠረጠረው ሲበላ ሳይሆን አናት ላይ ሲቀባ ነው፤ ወደ ግንባር ወርዶ ቀዳዳ ይደፍናል። የፀጉር ቅባትም እንደዚያው።

እናት ዓለም፦ ልጄ፣ አትጨነቅ። ስታገባ ይጠፋል።

ባለ ባጃጁ፦ እንግዲያው እሁድ ሙሽራውን አስነሥተህ አንተ ተቀመጥ!

ከመድኃኒት ቤት፦ እናቴ፣ አግብተው ወልደውም በ35 ዓመታቸው ብጉር የሚያስቸግራቸው ብዙ ደንበኞች አሉኝ። ትዳር አያድነውም።

ወርቅ ገላ፦ አንድ ነጭ ክሬም አለ፣ መንገድ ላይ ይሸጣል። በሦስት ቀን ፊት ያበራል። ለሠርግ የሚሆን እሱ ነው።

ከመድኃኒት ቤት፦ ይህንን ማንም እንዳይሞክር! እንደዚህ ከሚሸጡት ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ ስቴሮይድ የሚባሉ ኃይለኛ መድኃኒቶች ናቸው። መጀመሪያ እብጠቱን ያጠፋሉ፣ ሰው ይደሰታል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ሲያቆሙት ብጉሩ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

ሚዜው፣ ቃጠሎው ሙሉ በሙሉ ሲድን ቤንዞይል ፐሮክሳይድ የሚባለውን የብጉር ቅባት፣ 2.5 በመቶውን ጀምር፤ ከ10 በመቶው የማይተናነስ ሥራ ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው። ወይም አዳፓሊን የሚባለውን ሌላ የብጉር ቅባት፣ 0.1 በመቶውን፣ ማታ ማታ፣ የአተር ፍሬ ያህል ለሙሉ ፊት። ለውጡን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጠብቅ። ካልሆነ ወይም ጠባሳ የሚተው ትልልቅ እብጠት ካለ የቆዳ ሐኪም ያስፈልግሃል።

ሚዜው፦ 12 ሳምንት?! ሠርጉ እሁድ ነው እያልኋችሁ!

የአዘዞው፦ በጥላ ፎቶ ተነሡ። ግንቡ ትልቅ ነው፣ ጥላ አያጣም።

የቀለም ሰው፦ ስለ ጉበት ልመለስ ብዬ ነበር…

ባለ ባጃጁ፦ ቤንዞይሉን የምትገዙ፣ ነጭ ፎጣ ተጠቀሙ። የባለቤቴን ሰማያዊ ፎጣ ዥንጉርጉር አድርጎት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

የማራኪዋ፦ ሚዜው፣ እሁድ አለፈ እኮ። እንዴት ሆንህ? የጥርስ ሳሙናውን ሞከርኸው?

አዲስ ገቢ፦ ሚዜው ካልመለሰ እኔ ልጠይቅ። እህቴ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ብጉር ወሯታል። ያንን አዳፓሊን ትቀባ?

ከመድኃኒት ቤት፦ አትቀባ። በእርግዝና ጊዜ አዳፓሊን አይመከርም፤ የሚዋጠው የብጉር መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን ደግሞ ፅንስን ስለሚጎዳ ጭራሽ የተከለከለ ነው። አዜላይክ አሲድ የሚባል ክሬም በእርግዝና ጊዜ መጠቀም ይቻላል፤ ለክትትል ስትሄድ ሐኪሟን ትጠይቀው።