የእንግሊዝኛ ሰዋስውና የሥነ ጽሑፍ ቃላት ለመከለስ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር የሞከርኳቸው

እህቴ፣ ልጅሽ 8ኛ ክፍል ሆና የላንጉጅ አርትስ፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ፈተና ደርሶባታል ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋር እዚሁ ነገር ውስጥ ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አስጠኚ ቀጠርን። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚፈስለት ልጅ ነው። ግን ትርጉም አጽፎ ያሸመድዳታል እንጂ አያስነብባትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ሜታፈር ምንድን ነው?» ስላት አንድ ቃል ሳትስት ወረደችው፣ «እስቲ ምሳሌ ስጪኝ» ስላት ግን ዝም አለች። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። አስጠኚ የምትይዢ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አንድ አጭር ግጥም ሰጥተሽው ሲያስረዳት አጠገባቸው ቁጭ በይ። እዚያው ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ብሔራዊ ትያትርና ለገሃር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ጋ ሄድን። ጠርዙ የተበላ የእንግሊዝኛ መማሪያ በ250 ብር ገዛን። የቀድሞ ባለቤቱን እግዜር ይስጠው፣ በየቃሉ ጎን አማርኛውን በእርሳስ ጽፎታል። ሴቲንግ ጎን «መቼት»፣ ፐርሶኒፊኬሽን (ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው አድርጎ መናገር) ጎን «ሰውኛ»፣ ፓራዶክስ ጎን «አያዎ»። ልጄ አያዎ ላይ ጣቷን አድርጋ «አባ፣ አይ እና አዎ ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ እሱው ነው። መቼትም መቼ እና የት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቲንግ ስትጠየቅ ቦታውን ብቻ ተናግራ ጊዜውን ረስታ አታውቅም።

ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጪ የአማርኛውን ስም ከጎኑ አድርጊላት። «ልጁ እንደ አንበሳ ነው» ተነጻጻሪ፣ ማለትም ሲሚሊ ነው። «ልጁ አንበሳ ነው» ሲሆን ተለዋጭ፣ ሜታፈር። ግነት ሃይፐርቦሊ፣ ምጸት አይረኒ፣ ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ መተረክ) ፍላሽባክ፣ ንግር (የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም) ፎርሻዶዊንግ። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ግን ጭብጥ ላይ ነው፣ ቲም የሚሉት። «የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው?» ሲባሉ «ፍቅር» ብለው ያርፋሉ። ፍቅር ርዕሰ ጉዳዩ ነው። ታሪኩ ስለ ፍቅር ምን ይላል የሚለው ነው ጭብጡ፣ መልሱም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት።

ለሰዋስው ካን አካዳሚ የሚባለውን የኢንተርኔት መማሪያ እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ስትሳሳት ለምን እንደተሳሳተች ያሳያታል። ዱኦሊንጎ የሚባለውን የቋንቋ መማሪያ አፕም ሞክረናል፣ ለቃላት ደህና ነው፣ ለዚህ ፈተና ግን አይበቃም። የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ጥያቄ እንደ ጉድ ነው፣ መልሶቹን ግን እንዳለ አትመኚ። አንዱ ላይ ዩኒቨርሲቲ በአናባቢ ፊደል ስለሚጀምር «አን» ይቀድመዋል ብሎ አስተምሯል። ስህተት ነው። የሚወስነው ድምፁ እንጂ ፊደሉ አይደለም፣ ስለዚህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»፣ «አን አወር» ነው የሚባለው። «ሺ ጎዝ» በማለት ፈንታ «ሺ ጎ» እያለች ካስቸገረችሽ ደግሞ አትቆጫት። እኛ «ትሄዳለች» ስንል አድራጊዋን ግሡ ራሱ ይነግረናል፣ እንግሊዝኛው ግን እዚያ ቦታ ላይ አንዲት «ኤስ» ብቻ ነው ያለችው፣ በቀላሉ ትረሳለች።

ቤት ውስጥ ጫጫታ ካለ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጃት። ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፣ አትከፍሉም፣ መታወቂያ ግን ያዢ። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንሄድ ነበር፣ አንድ አጭር ልቦለድ አንብባ መቼቱን፣ ግጭቱንና ጭብጡን በአንድ ገጽ ትጽፋለች። ከሁሉም በላይ የጠቀማት ይሄ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክርም ጥሩ ነው፣ በተለይ ቆየት ያሉ የአማርኛ ልቦለዶች ስትፈልጊ።

እና ለገሃር ስትገዢ ገጾቹን አገላብጪ። መልመጃዎቹ በእስክሪብቶ ተሠርተው ካገኘሽው ተዪው። በእርሳስ ከሆነ ግን ላጲስ ይዛችሁ ማታ አብራችሁ ታጠፉታላችሁ፣ በጎን የተጻፈውን አማርኛ ብቻ እንዳትነኩት።