የደብረ ብርሃን የአኳሪየም (የዓሣና የውኃ ዕፅዋት ገንዳ) ማኅበር ለገና ባዛር የጋራ ዕቅድ፦ የጋዝ ጠርሙሱ ጉዳይ

ጸሐፊው፦
ረቂቅ 2 ይኸው። ለ6 አኳሪየም 6 የጋዝ ጠርሙስ በራሳችን እንሠራለን። መዋጮ በሰው 400 ብር። አሠራሩ ያው የምታውቁት ነው። በ2 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 200 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳና ለብ ያለ ውኃ። ክዳኑ ተበስቶ የግሉኮስ ቱቦ ይገባበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቱቦው ወደ ዓሦቹ ውኃ ይገባል፣ ዕፅዋቱ ለገና ለምልመው ይቀርባሉ። እስከ ዓርብ አስተያየት፣ ከዚያ ፊርማ።

ገንዘብ ያዧ፦
እኔ አልፈርምም። ገጽ 2 ላይ «የስኳርና የእርሾ ድፍድፍ» ይላል። ይህን ወረቀት ይዤ አዳራሽ ልለምን? አረቄ ሊያወጡ ነው ይሉናል።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ታዲያ ምን ይባል? ስኳርና እርሾ ውኃ ውስጥ አድሮ ሲፈላ ድፍድፍ ነው። አልኮልም ይወጣዋል። እርሾው በመጨረሻ የሚያቆመውም ስኳሩ ሲያልቅበት ወይም ራሱ ያወጣው አልኮል ሲበዛበት ነው።

ገንዘብ ያዧ፦
ጎሽ! «አልኮል» የሚለውንም ጨምርበት።

የአንኮበሩ፦
ድፍድፍ ጌሾ ይፈልጋል። ጌሾ የሌለው ነገር ድፍድፍ ተብሎ አያውቅም። እናቴ ብትሰማ ትስቅብናለች።

የጠባሴው፦
ቃሉን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅ። ማታ ማታ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው? በኅዳርና በታኅሣሥ ውጭው ውርጭ ነው፣ ቤት ውስጥም በጋቢ ነው የምናመሸው። እርሾ ከ20 ዲግሪ በታች እየፈዘዘ ይሄዳል፣ ብርዱ ሲበረታ ይተኛል። ባለፈው ዓመት ተኝቶ የከረመው ተረሳ? ያኔም ከፍያለሁ።

ጸሐፊው፦
«ብጥብጥ» ቢባልስ? የስኳርና የእርሾ ብጥብጥ።

ገንዘብ ያዧ፦
ብጥብጥ የሚል ወረቀት ይዤማ ጭራሽ አልገባም!

የአንኮበሩ፦
«ጥንስስ» በሉት።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ከአረቄ ሸሽተን ሴራ ውስጥ ልንገባ ነው። ኧረ ሳቄን አልቻልኩም።

ጸሐፊው፦
እናንተ ሳቁ። ይህን ረቂቅ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ጸሐፊነቱን ለቅቄያለሁ። ቃል መራጮቹ ጻፉት።

የደብረ ሲናው፦
ተረጋጉ እስቲ። እርሾውን ብንተወውስ? ሲትሪክ አሲድና ቤኪንግ ሶዳ አለ አይደል። በአንዱ ጠርሙስ 200 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ600 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በሌላው 200 ግራም ሶዳ በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ። አሲዱ በቱቦ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ሶዳው ይሻገራል። እርሾ ስለሌለ ብርድ አያስተኛውም። የሚወጣው ጋዝም ከ200 ግራም ስኳር ከሚወጣው ጋር እኩል ነው፣ ሁለቱም 100 ግራም ገደማ። ደግሞ አይሸትም። ድፍድፍም አይደለም።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ለእናንተ ደገኞቹ ይሁን። እኔ ጋ ቆላ ነው፣ እርሾው በማግሥቱ ይነሳል። ስኳር አለኝ፣ አሲድ ምን አስገዛኝ?

የጠባሴው፦
የደብረ ሲናው ልክ ነው። ግን ቤኪንግ ሶዳ ነው የተባለው፣ ቤኪንግ ፓውደር እንዳትገዙ። ጠርሙሱም የለስላሳ ይሁን፣ ግፊት የሚችለው እሱ ነው። ሃይላንድ ስስ ነው፣ ይፈነዳል። የእርሾ ጠርሙስ ደግሞ እንደ ቧንቧ አይዘጋም፣ ቢዘጋም እርሾው መሥራቱን አይተውም። ባለፈው ማታ የቱቦዋን መዝጊያ ጠምዝዞ የሄደው ሰው ራሱን ያውቃል። የመጋረጃው እድፍ እስከ ዛሬ አለቀቀም።

የአንኮበሩ፦
እኔ ነኝ፣ ምን ይሁን? ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ዝም ልበል? ማታ ዕፅዋቱ ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ጋዝ ሌሊቱን ሙሉ ሲገባበት ዓሣው የት ይሂድ?

የጠባሴው፦
ቱቦውን ከውኃው ማውጣት ነበረብህ እንጂ መዝጋት አልነበረብህም።

የአንኮበሩ፦
እሺ አጥፍቻለሁ። መጋረጃውን አጥባለሁ።

አዲሱ አባል፦
ይቅርታ፣ ገና ስለሆንኩ ነው። መብራቱ ደካማ ከሆነ ጋዙ ምን ያደርጋል? አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉት የውኃ ዕፅዋት ያለ ጋዝም ይኖራሉ እኮ።

ገንዘብ ያዧ፦
«ውሁድ» ብንለውስ? ሳይንስ ይመስላል።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ውሁድ ሌላ ነው። ይሄ ድብልቅ ነው።

ጸሐፊው፦
(ተመልሻለሁ። ሌላ የሚጽፍ ስላልተገኘ ነው።) ሲትሪክ አሲዱን የሚያመጣ ማነው?

የደብረ ሲናው፦
እኔ ቅዳሜ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ 2 ኪሎ ይዤ እመጣለሁ። ብሩን ላኩልኝ።

ገንዘብ ያዧ፦
ተልኳል።

ጸሐፊው፦
ሰኞ ሆነ። የደብረ ሲናው አለህ?

ጸሐፊው፦
ረቡዕ ነው። ስልክ አይነሳም። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ኔትወርክ ጠፍቶበት ነው እንዳንል ዋሻው አራት ቀን አይፈጅም።

የአንኮበሩ፦
እንግዲህ ወደ እርሾው እንመለስ። ጠርሙሶቹን ብርድ ልብስ እናልብሳቸው። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ ሊያጣ ነው?

የጠባሴው፦
ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አያሞቅም። እርሾ እንደ ሰው ገላ አይደለም። ደግሞ ማታ ሲበርድ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ይኮማተርና የዓሦቹን ውኃ በቱቦው ይስባል። ውኃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቢያንስ ጠርሙሱ ከውኃው ከፍ ብሎ ይሰቀል።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ይህን ሁሉ ከምትለፉ ባዛሩን እዚህ አድርጉት። ሙቀት በነጻ።

ገንዘብ ያዧ፦
ይሄ ያስኬዳል። አዳራሽ ልመናም ይቀራል። ግን መኪና ያስፈልጋል፣ ባነርም።

ጸሐፊው፦
ረቂቅ 3። ባዛሩ ሸዋ ሮቢት። ከ6 አኳሪየም 2 ብቻ ይወርዳል፣ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ባዶውን ተጭኖ እዚያ ውኃ ይሞላል። ዕፅዋቱ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ይሆናሉ። ጋዙ በአንድ ጠርሙስ ለማሳያ ብቻ ይቀርባል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም «ፈሳሽ» ተብሏል። ከመዋጮው አብዛኛው ለመኪናና ለባነር።

አዲሱ አባል፦
አኑቢያስ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

የጠባሴው፦
ለጋዝ ብዬ የከፈልኩት 400 ብር ባነር ሆነ ማለት ነው? የአሲዱ ብርስ?

ገንዘብ ያዧ፦
«ፈሳሽ» ጥሩ ነው፣ ተስማምቻለሁ። ግን የባነሩን ናሙና አየሁት፣ «ማህበር» በሃሌታው ሀ ተጽፏል። በብዙኃኑ ኀ ካልሆነ አልፈርምም።