«የሴት ደራሲያን» የሚል ዝርዝር ያስፈልገናል ወይ?

ዕልባት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምትወዷቸውን ሴት ደራሲያንና ልቦለዶቻቸውን ጠቁሙኝ። ስም ብቻ ጥሎ መሄድ የለም፤ ለምን እንደወደዳችሁት አንድ ሁለት መስመር ጨምሩበት። ዓመት ከጠቀሳችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንደናገር።

እኔ ልጀምር። ቶኒ ሞሪሰን፣ «ቢላቭድ»፣ 1987። ከባርነት ያመለጠች እናት ሊይዟት ሲመጡባት፣ ልጄ ተመልሳ ባሪያ ከምትሆን ብላ በገዛ እጇ ትገድላታለች። መነሻው በ1856 በአሜሪካ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሞሪሰን ግን ግድያውን አትተርክልንም፣ ወይም ቶሎ አትተርክልንም። ከዓመታት በኋላ ያለችውን እናትና የምትኖርበትን ቤት ነው የምታሳየን። ሟቿ ልጅ ከዚያ ቤት አልወጣችም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ግራ ያጋባሉ፤ ታገሱ፣ ይከፍላችኋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እህቴ፣ ሞሪሰንን አልነካም። ጥያቄሽ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ለምን «ሴት ደራሲያን»? «ወንድ ደራሲያን ጠቁሙኝ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ወንዶቹ በቃ ደራሲ ናቸው፣ ሴቶቹ «ሴት ደራሲ»። ይሄ ማክበር ነው ወይስ ጓዳ ማስገባት?

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ጆርጅ ኤልየት (እውነተኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ ነው) በ1856 ሴቶች በሚጽፏቸው የማይረቡ ልቦለዶች ላይ አንድ መጣጥፍ ጽፋለች። ያኔ ገና ልቦለድ አላሳተመችም ነበር። ተቺዎቹን የወቀሰችው ችሎታ የሌላትን ጸሐፊ ሴት ስለሆነች ብቻ ያሞግሳሉ ብላ ነው። አንብቡት። እንደዚህ ያለ ዝርዝር ሲወጣ የሚያስፈራኝ ይሄው ነው።

ምዕራፍ ሁለት፦ እኔም ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ነኝ። ለሴቶች ልቦለድ ብቻ የሚሰጠው የእንግሊዙ ሽልማት መጀመሪያ የተሰጠው በ1996 ነው። ኤ. ኤስ. ባያት ከመነሻው ተቃወመችው። ጾታ ለይቶ መሸለም አድልዎ ነው አለች፣ መጽሐፎቿም እንዲወዳደሩ አልፈቀደችም። በ1990 «ፖዜሽን» በሚለው ልቦለዷ ቡከር የተባለውን ትልቅ የልቦለድ ሽልማት ያሸነፈች ሴት ናት እኮ! ከወንዶቹ ጋር ተወዳድራ።

ዕልባት፦ ሁለታችሁም ግማሹን ነው ያወራችሁት።

ኤልየት እዚያው መጣጥፍ ላይ ሌላም ነገር ብላለች። የሴቷ ችሎታ ዜሮ ሲሆን ሙገሳው ይፈላል፤ እውነተኛ ብቃት ላይ ስትደርስ ግን ሙገሳው በረዶ ይሆናል። ቀይ እስክሪብቶ ይህቺን ለምን ዘለልካት?

ምዕራፍ ሁለት፣ አንተም ሽልማቱ ለምን እንደመጣ አልነገርከንም። በ1991 ለቡከር የመጨረሻ ዕጩ የሆኑት ስድስቱም ወንዶች ነበሩ። ያን ጊዜ «የወንዶች ሽልማት» ያለ የለም። የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን ደግሞ ከ1901 እስከ 2024 ድረስ 121 ሰዎች ወስደዋል። ሴቶቹ 18 ናቸው። ወንዶቹን የለየ ዝርዝር የለም ትሉኛላችሁ፤ ይሄው ነዋ!

የሌሊት ወፍ፦ ኧረ መጽሐፍ ጠቁሙ ተብለን ነበር 😄 ክርክሩ ይቆየን።

አጋታ ክሪስቲ። «ዘ መርደር ኦፍ ሮጀር አክሮይድ»፣ 1926። ገዳዩ ማን እንደሆነ እዚህ የሚጽፍ ሰው ቢኖር እርግማኔ ይድረሰው። ሌላ ምንም አልልም፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ገጽ አንድ ተመልሳችሁ እንደገና ማንበባችሁ አይቀርም። ሁሉም ነገር ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ነበር፣ አላያችሁትም። ደግሞ እውነቱን ልናገር? ሳነባት ሴት ትሁን ወንድ አስቤው አላውቅም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ አያችሁ! እኔም እኮ ከዚህ የተለየ ነገር አላልኩም።

ጋሼ መነጽር፦ ልጆች፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። «ጓዳ ማስገባት» የሚለው አነጋገር ስላልተመቸኝ ነው።

ጄን ኦስተን በ1811 የመጀመሪያ ልቦለዷን ስታሳትም መጽሐፉ ላይ ስሟ አልነበረም። «በአንዲት እመቤት የተጻፈ» ነው የሚለው። በ1817 እስክትሞት ድረስ አንድም መጽሐፍ በስሟ አልወጣላትም። ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን የጀመረችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በ1818 ያለ ስም ታተመ። መቅድሙን ባሏ ስለጻፈው ብዙዎች ሙሉው ሥራ የሱ መሰላቸው። ሦስቱ የብሮንቴ እህትማማቾች ደግሞ ቤል የሚባሉ ወንድማማቾች በሚያስመስል ስም ጻፉ፤ ከረር፣ ኤሊስና አክተን ተባሉ። ጓዳ የገቡት ዝርዝር ስለወጣላቸው አይደለም። ቀድሞውንም እዚያው ነበሩ።

አሁን ግብዣዬ። ሁለት መጽሐፍ አንድ ላይ አንብቡ። መጀመሪያ የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር»፣ 1847። ወላጅ አልባዋ ጄን በአንድ ትልቅ ቤት አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች፣ ጌታውን ትወዳለች። (ያላነበባችሁት ይህን አንቀጽ እለፉት።) ቤቱ ጣሪያ ሥር ግን አብዳለች የተባለች ሚስቱ ተቆልፎባታል። ብሮንቴ ይህችን ሴት አንድም ጊዜ በወጉ አታናግራትም። ትጮኻለች፣ ትናከሳለች፣ እሳት ትለኩሳለች፣ አበቃ።

ከዚያ ጂን ሪስን አንሱ፤ «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ»፣ 1966። ሪስ የተወለደችው በካሪቢያኗ ዶሚኒካ ነው። ያቺ የተቆለፈባት ሚስትም ከካሪቢያን የመጣች ነበረች። ሪስ የሷን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ጻፈችው። የማን ልጅ እንደነበረች፣ እንዴት እንደተዳረች፣ ባሏ ስሟን ሳይቀር እንዴት እንደቀየረባት። ከዚህ ልቦለድ በፊት የነበረው የሪስ ልቦለድ የወጣው በ1939 ነው። በመካከሉ ሞታለች ብለው ያሰቡም ነበሩ። ሁለተኛውን ከጨረሳችሁ በኋላ «ጄን ኤር»ን በድሮው ዓይን ማየት አትችሉም። እኔ አሁንም ጄንን እወዳታለሁ፣ ጌታዋን ግን ከዚያ ወዲህ አላምነውም።

ምዕራፍ ሁለት፦ ጋሼ፣ ይሄ ግሩም ነው። ጥንዱን ይዣለሁ። ግን እርስዎ ራስዎ መጽሐፎቹን የመረጡት እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ነው እንጂ ሴቶች ስለጻፏቸው አይደለም፤ ተሳሳትኩ?

ጋሼ መነጽር፦ ልጄ፣ ያቺ የተቆለፈባት ሴት ወንድ ጸሐፊ እጅ ብትወድቅ ኖሮ መቶ ሃያ ዓመት ቆይቶም ቢሆን የሚያስታውሳት ይገኝ ነበር? እኔንጃ። ይገኝም ይሆናል። የተገኘችው ግን ሪስ ናት።

ቀይ እስክሪብቶ፦ በስም መፍረድ የት እንደሚያደርስ ላሳያችሁ። በስፔን ካርመን ሞላ የምትባል የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ነበረች። የብዕር ስም ነው፤ ከጀርባዋ አንዲት መምህርትና የልጆች እናት አለች ይባል ነበር። የአገሪቱ የሴቶች ተቋም አንድ ቅርንጫፍ ከልቦለዶቿ አንዱን የሴቶችን ሕይወት ለመረዳት ከሚረዱ የሴት ደራሲያን መጻሕፍት ጋር ዘረዘረላት። በ2021 የአንድ ሚሊዮን ዩሮውን የፕላኔታ ሽልማት አሸነፈች። ሽልማቱን ሊቀበሉ መድረክ ላይ የወጡት ግን ሦስት ጎልማሳ ወንዶች ናቸው! ሦስቱም የፊልም ጽሑፍ ሠራተኞች።

አንድ ማድሪድ ያለ የሴቶች መጽሐፍ ቤት ወዲያው ከመደርደሪያው አወረዳቸው። መጽሐፉ ትናንት የነበረው መጽሐፍ ነው። አንድ ፊደል አልተለወጠም። ታዲያ ሲጠቆም የነበረው ምኑ ነው?

የሌሊት ወፍ፦ ሦስት ወንድ?? 😂 እሺ ይሄን አላውቅም ነበር።

ሰማያዊ ቀለም፦ ቀይ እስክሪብቶ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ጄምስ ቲፕትሪ የሚባል የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊ ነበር። ሰው አይቶት አያውቅም። ሴት ሳይሆን አይቀርም የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ታዋቂው የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ ሮበርት ሲልቨርበርግ በ1975 ለቲፕትሪ መጽሐፍ በጻፈው መግቢያ ነገሩን አጣጣለው። አጻጻፉ ፈጽሞ የወንድ ነው አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቲፕትሪ ማን ሆኖ ተገኘ? አሊስ ሼልደን፣ የስድሳ ዓመት ሴት።

ይህን ያየ ሰው ይማራል ትሉ ይሆናል። በ2011 ደግሞ ቪ. ኤስ. ናይፖል ተነስቶ አንድ ሁለት አንቀጽ ካነበብኩ ጸሐፊው ሴት መሆኗን አውቃለሁ፣ ከሴቶቹም ከእኔ የሚስተካከል የለም አለ። የኖቤል ተሸላሚ ነው ይህን የሚለው። በዚህ ዓለም ላይ «ጾታ አንይ» ብሎ ዝም ማለት ለማን እንደሚጠቅም አስቡት።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሲልቨርበርግ የተሸወደው እኮ እኔ የምለውን ስለሚያረጋግጥ ነው! በጽሑፉ ላይ ጾታ አይታይም። ካልታየ ለምን እንለያለን?

ዕልባት፦ ጽሑፉ ላይ ስላልታየ አይደለም የምንለየው። መደርደሪያው ላይ ስለማይታይ ነው።

ዞራ ኒል ኸርስተንን ውሰድ። «ዜር አይስ ወር ዋቺንግ ጎድ» በ1937 ወጣ። ጄኒ የምትባል ጥቁር ሴት ሦስት ጊዜ አግብታ የራሷን ድምፅ ፈልጋ ስታገኝ ያሳያል። ንግግሩ የሰፈር ነው፣ ከደጃፍ ላይ ጨዋታ የተቀዳ። ይሄ መጽሐፍ ከገበያ ጠፋ። ኸርስተን በ1960 በድህነት ሞተች፣ መቃብሯ ላይ ምልክት እንኳ አልተደረገም። በ1973 ደራሲዋ አሊስ ዎከር ፍሎሪዳ ድረስ ሄዳ መቃብሩን ፈለገች፣ ድንጋይም አስቆመችለት። ከዚያ ጻፈችላት፣ መጽሐፉም ተመልሶ ታተመ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ዎከር ፍሎሪዳ የሄደችው ከእሷ በፊት የጻፉ ጥቁር ሴቶችን ለይታ ስትፈልግ ስለነበር ነው። «ጥሩ መጽሐፍ ከሆነ ራሱ ይወጣል» ብላ ብትቀመጥ ኖሮ አይወጣም ነበር።

ምዕራፍ ሁለት፦ እሺ፣ ለጠፉት ይሁን። ሞሪሰን ግን ጠፍታለች? ክሪስቲ ጠፍታለች? ለታወቁት ዝርዝሩ ምን ይጨምራል?

ሰማያዊ ቀለም፦ የታወቁትን ትቼ ልጠቁም እንግዲህ፤ እስካሁን የዘረዘራችሁት አብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ነውና።

የናይጄሪያዋ ፍሎራ ንዋፓ በ1966 «ኤፉሩ»ን አሳተመች። ከእሷ በኋላ ቡቺ ኤሜቼታ አለች። የመጀመሪያ ልቦለዷን ረቂቅ ባሏ አቃጠለባት። ትታው ወጣች፣ አምስት ልጆች ይዛ፤ መጽሐፉንም እንደገና ጻፈችው። እኔ የምመርጥላችሁ ግን «ዘ ጆይስ ኦፍ ማዘርሁድ»ን ነው፣ 1979። የእናትነት ደስታ ይላል ርዕሱ፤ ውስጡን አንብባችሁ ፍረዱ።

ከዚምባብዌ ጺጺ ዳንጋሬምጋ፣ «ነርቨስ ኮንዲሽንስ»፣ 1988። ተራኪዋ ልጅ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወንድሟ ሲሞት እንዳላዘነች ትነግረናለች። ክፉ ልጅ መሰለቻችሁ አይደል? የትምህርት ዕድሉ የሱ ብቻ እንደነበር ስታውቁ ምን እንደምትሉ አላውቅም። በ2020 የዳንጋሬምጋ ሌላ ልቦለድና የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» አብረው ለቡከር የመጨረሻ ዕጩ ሆነዋል። የመዓዛው በጣልያን ወረራ ጊዜ ጦር ሜዳ ስለዘመቱ ሴቶች ነው። እነዚያን ሴቶች ያስታወሰ ልቦለድ ስንት ይሆን?

ጋሼ መነጽር፦ ወደ ምሥራቅም ዞር በሉ። የጃፓኗ ሙራሳኪ ሺኪቡ «የገንጂ ተረክ»ን የጻፈችው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ብዙዎች የዓለም የመጀመሪያው ልቦለድ ይሉታል። በጣም ረጅም ነው፣ እኔም ያነበብኩት እያረፍኩ ነው። ከአሁኖቹ የኮሪያዋን ሃን ካንግን፣ «ዘ ቬጀቴሪያን»። አንዲት ሴት ሥጋ አልበላም አለች፣ ቤተሰቡ ተናጋ። አጭርና የሚረብሽ ነው። በ2024 ኖቤል አግኝታለች።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ጋሼ፣ እርስዎና ሰማያዊ ቀለም የጠቆማችሁትን መዝግቤያለሁ። አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ዝርዝሩ ይውጣ፣ ግን በጉዳይ ይከፈል፤ ጦርነት፣ እናትነት፣ ወንጀል፣ ትዳር። ርዕሱ ላይ «ሴት» የሚል ቃል አይግባ። መጽሐፎቹ እነዚሁ ይሁኑ።

ዕልባት፦ አንድ ወር ስጠው። «ጦርነት» የሚለው ሥር ሃያ ወንድና መዓዛ ትቀራለች። እሷም ከቀረች ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ያንን አዘጋጁ ይቆጣጠራላ!

ዕልባት፦ ሴቶቹን እየቆጠረ ማለትህ ነው?

ምዕራፍ ሁለት፦ 😂😂

የሌሊት ወፍ፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ ሊነጋ ነው። አጭር ስጡኝ፤ ለነገ የሚሆን፣ ያላለቀሰ ሰው የማይጨርሰው።

ሰማያዊ ቀለም፦ ማሪያማ ባ፣ «ሶ ሎንግ ኤ ሌተር»፣ 1979፣ ሴኔጋል። ባሏ የሞተባት ሴት ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ለጓደኛዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ሟቹ ከሃያ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ የገዛ ልጁን ጓደኛ ሁለተኛ ሚስት አድርጎ አግብቶ ነበር። በአንድ ሌሊት ታልቃለች።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እሷን እኔም እወስዳለሁ። ስንጨርስ እዚሁ እንገናኝ። የዝርዝሩ ርዕስ ላይ ግን አሁንም አልፈርምም።

ዕልባት፦ ሳትፈርም አንብብ።