ማርሚታና ፊልትሮ ከተቀየረ ካርቡራተሩ የግድ መነካት አለበት?

አፓቼ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አፓቼ 180 ሞተር ሳይክል ነው የምነዳው፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያለው። ማርሚታውን ድምፅ ባለው አጭር ቀየርኩት፣ በዛው የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አስነቅዬ ያቺን ሾጣጣ ፊልትሮ አስገጠምኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም አይልም እንደውም ቀለል ብሎታል፣ ጋዝ ስለቅ ብቻ ከኋላ ጧ ጧ ይላል። ባለፈው ወደ አዋሽ ስወርድ ግን ከመተሐራ በኋላ ሜዳው ላይ ሙሉ ጋዝ ስይዝ ይታነቃል፣ ትንሽ መለስ ሳደርግለት ደሞ ይሄዳል፣ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ጋለ። መካኒኬ ድምፅ ነው የቀየርከው ምንም አያስፈልገውም አለኝ፣ ጄት (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ብሎን) ቀይር የሚሉኝም አሉ። ማንን ልስማ?

ብሎን_ፈቺ፦
ስለ ማርሚታው ብቻ ከሆነ መካኒክህ እውነቱን ነው፣ የኋላውን ጣሳ መቀየር ቤንዚኑን ያን ያህል አያዛባም። ያንተ ጉዳይ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ አየሩን ያዝ ያደርገው ነበር፣ የፋብሪካው ጄትም በዛ ተለክቶ ነው የገባው፣ አሁን አየሩ ያለ ከልካይ ይገባል ቤንዚኑ ግን በድሮው ቀዳዳ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ለምን አልታወቀህም? ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነን፣ አየሩ ከባህር ጠለል በ20 ፐርሰንት ገደማ የሳሳ ነው፣ እዚህ ካርቡራተር ያለው ሞተር ሁሉ በባህሪው ቤንዚን ይበዛበታል። ሳጥኑን ስትነቅል ያ ትርፍ ቤንዚን ሸፈነልህ። አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ወፍራም ሲሆን ጉድለቱ ወጣ። ጋዝ መለስ ስታደርግ መሄዱ ራሱ ዋናው ጄት አንሶታል ማለት ነው፣ እሱን በሙሉ ጋዝ ላይ ነው የምታገኘው።

እዛው ቆላ ላይ ሙሉ ጋዝ ይዘህ ትንሽ ንዳና ፍሪሲዮን ይዘህ ወዲያው አጥፋው፣ ሲበርድ ካንዴላውን ፍታ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል፣ የማኪያቶ መልክ ካለው አትንካው።

ጋራዥ_ሰፈር፦
ወንድሜ ካለው ልጨምር፣ ጧ ጧ የሚለው ግን ከዋናው ጄት ጋር አይገናኝም፣ ጋዝ ሲለቀቅ የሚሠራው የሚኒሞው መስመር ነው፣ ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲዞር ቤንዚን የሚሰጠው። ከዛ በፊት ደሞ ማርሚታው ከቴስታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገጥምበትን ጋስኬት እይ፣ ሲቀየር አሮጌውን መልሰው ይከቱታል፣ በዛ አየር ከሳበ የፈለግከውን ጄት ብትቀያይር ይተኩሳል። ካርቡራተሩና ሞተሩ መሀል ያለው ጎማም ከተሰነጠቀ እንደዛው። እነሱ ደህና ከሆኑ ነው የሚኒሞ ብሎኗን በካቻቪቴ ትንሽ ትንሽ የምትሞክረው።

አፓቼ_ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ጄቱን ግን አንዱ በሽቦ አስፍቼ ልስጥህ ብሎኛል

ብሎን_ፈቺ፦
በጭራሽ! በምን ልኬት ነው የሚያሰፋው? ጄቱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ 110 ከሆነ ለምሳሌ 112 ወይ 115 ገዝተህ ሞክር፣ በአንዴ አትዝለል። በሽቦ የሰፋ ጄት ወደ ኋላ አይመለስም

ዱባይ_ራይደር፦
ከዱባይ ሰላም፣ እኔ ኢንጀክሽን ነው ያለኝ፣ ቤንዚኑን ኮምፒውተር የሚለካለት። እዚህ ማርሚታ ብቻ የቀየረ ምንም አይነካም፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ በለዘብታ ስትነዳ ራሱ ያስተካክላል፣ የከፍታውንም ልዩነት በግፊት ሴንሰር ያውቀዋል። ሙሉ ጋዝ ላይ ግን ሴንሰሩን አይሰማም በተጫነለት ማፕ (የቤንዚን ልኬት ሰንጠረዥ) ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ከሞተሩ ጀምሮ ሙሉውን ቧንቧ ከነፊልትሮው የቀየረ ሰው ዳይኖ (የሞተሩን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ላይ አስወጥቶ ማፑን ያስተካክላል። ካርቡራተር ላላቸው ግን የብሎን_ፈቺን ስሙ

ብሎን_ፈቺ፦
አንድ ነገር ደሞ አፓቼ_ልጅ፣ ለአዋሽ ብለህ ያስገባኸው ትልቅ ጄት አዲስ አበባ ስትመለስ ካንዴላ ያጠቁርብሃል ቤንዚንም ይበላል። ቆላ የምትወርደው አልፎ አልፎ ከሆነ ማርሚታውን ተወውና ሳጥኑን መልስ። አልሸጥከውም አይደል?

አፓቼ_ልጅ፦
አለ ቤት፣ ክዳኑ ግን ተሰንጥቋል። ቅዳሜ ጋስኬቱን አይቼ እጽፍላችኋለሁ