አሮጌ ሬሚንግተን 700 ልገዛ ነው፣ ምን ምኑን ልይ?

አውሮራው፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ያለሁት ኮሎራዶ አውሮራ ነው። የስራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ኤልክ (ትልቁን አጋዘን) ለማደን ወደ ተራራው ይወጣሉ፣ ዘንድሮ አንተም ና ብለውኝ ልቤ ተነስቷል፣ ጠመንጃ ግን የለኝም። ሰፈራችን ያለ ጠመንጃ መሸጫ ውስጥ አንድ ያገለገለ ሬሚንግተን 700 አየሁ፣ ጥይቱ 30-06 ነው፣ ሰደፉ የዋልነት እንጨት፣ ላዩ ላይ የድሮ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ተገጥሞለታል፣ ዋጋው 475 ዶላር። ሻጩ የ70ዎቹ ስሪት ነው ብሎኛል። እንጨቱ ላይ ጭረት አለ፣ ብረቱም እጅ በሚይዘው ቦታ ጥቁር ቀለሙ ለቋል። አንዱ ጓደኛዬ በዛ ብር አዲስ ፕላስቲክ ሰደፍ ያለው ገዝተህ ተገላገል ይለኛል፣ እኔ ግን እንጨቱን ሳየው አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው በልጅግ ትዝ እያለኝ ልቤ እዛው ቀርቷል 😅
ስገዛ ምን ማየት አለብኝ? 30-06 ለኤልክ ይበቃል ወይ? ደግሞ ዜግነት ገና ነኝ፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ችግር አለው?

ጋሽ_ዝናር፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከጥይቱ ልጀምር፣ ይበቃል፣ ይተርፋልም። 30-06 ከ1906 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፣ የኮሎራዶ ህግ ለኤልክ የሚጠይቀው አረሩ ቢያንስ 85 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) እንዲመዝን፣ ካሊበሩ ማለትም ውፍረቱ ከ.24 ኢንች እንዳያንስ፣ 100 ያርድ ላይ ደግሞ 1000 ፉት ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ነው። 180 ግሬይን የሆነ ተራ 30-06 ይሄን ከእጥፍ በላይ ያልፈዋል። በየሱቁ የማይጠፋ ጥይት መሆኑም ትልቅ ነገር ነው።
አሁን ወደ ጠመንጃው። እንጨቱን እርሳው፣ ጭረት ማንንም ገድሎ አያውቅም። መጀመሪያ ሻጩን ፈቃድ ጠይቅና ቦልቱን (ከኋላ የሚከፈት የሚዘጋውን ብረት) አውጣው፣ ባዶ መሆኑን በአይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ከዛ የስልክህን መብራት ከኋላ አብርተህ በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ እይ። ጥምዝ መስመሮቹ ስለት ያላቸው ጥርት ያሉ ከሆኑ ጥሩ ነው። ጥቁር ከሆነብህ ቆሻሻ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ አንዴ በጨርቅ ይሳብልህ፣ ከተጠረገም በኋላ ጉድጓድ ጉድጓድ የሚል ነገር ካየህ ዝገት በልቶታል ማለት ነው፣ ትተህ ውጣ። የአፈሙዙን ጫፍ ደግሞ ዙሪያውን በጣትህ ዳሰው፣ አረሩ በመጨረሻ የሚለቀቅበት ቦታ ስለሆነ እዛ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይ ግጭት ካለ ጥይቱን ያዛባዋል። ብዙ ሰው ከፊት ለፊት በብረት ዘንግ እያጸዳ የሚያበላሸው እሱን ነው።
ሰደፉን ካየኸው አይቀር ስንጥቅ ፈልግ፣ በተለይ ከቃታው ኋላ ቀጠን የሚልበት ቦታ እና ከካዝናው ፊት። ብሎኖቹን እያቸው፣ ጭንቅላታቸው ከተላጠ የማይችል ሰው ፈታትቶታል ማለት ነው፣ ያኔ ምን ምን እንደነካካ እግዜር ይወቅ።
በርሜሉ ላይ በግራ በኩል ሪሲቨሩ (ቦልቱ የሚገባበት የብረት አካል) አጠገብ ትንንሽ ፊደላት ታገኛለህ፣ እነሱ የተሰራበትን ወርና ዓመት ይናገራሉ፣ የሻጩ ሰባዎቹ እውነት መሆኑን በዛ ታረጋግጣለህ።
ቃታው ላይ ለብቻው እመለሳለሁ፣ ስራ ገባሁ።

ጤፍ_ነጋዴ፦
ጋሼ ልክ ነዎት ግን እኔ ከጓደኛው ጋር ነኝ። ዛሬ አዲስ ሳቬጅ አክሲስ ወይ ሩገር አሜሪካን በዛው ብር ወይ ትንሽ ጨምረህ ታገኛለህ፣ 100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ተኩል ውስጥ ሶስት ጥይት ያስቀምጥልሃል፣ ዝናብ በረዶ ቢመታው ፕላስቲኩ አያብጥም፣ ጋራንቲ አለው። አሮጌ ጠመንጃ ፍቅር ነው፣ ፍቅር ደግሞ ወጪ አለው። አያትህን ከናፈቅክ ፎቶ ስቀል 😂

አውሮራው፦
@ጤፍ_ነጋዴ ሃሃሃ ጨካኝ ነህ እኮ። ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም ግን አንድ ቀን ለልጄ የማወርሰው ነገር ፕላስቲክ ቢሆን ደስ አይለኝም።

በረዶ_ለባሿ፦
የወረቀቱን ጉዳይ ማንም አልነካውም እኔ ልመልስ። ግሪን ካርድ ካለህ ጠመንጃ መግዛት ትችላለህ፣ ችግሩ በጊዜያዊ ቪዛ ላሉት ነው፣ እነሱ በመደበኛው አይፈቀድላቸውም፣ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው የሚገባበት ልዩ ቀዳዳ አለ ግን አንተን አይመለከትም። ሱቁ 4473 የሚባል ፎርም ያስሞላሃል፣ እዛ ላይ የግሪን ካርድህን ቁጥር ትጽፋለህ። መንጃ ፈቃድህ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖርበት መሆን አለበት፣ ቤት ቀይረህ ካላስተካከልክ አዲሱ አድራሻህ ያለበት ሌላ የመንግስት ወረቀት ካልያዝክ በቀር ከሱቁ ባዶህን ነው የምትመለሰው። ሌላ ኮሎራዶ ስለሆንን ልጥቀሰው፣ ማሪዋና በስቴቱ ህግ ቢፈቀድም ፎርሙ የፌዴራል ነው፣ እዛ ላይ አሁንም ክልክል መሆኑ ተጽፏል፣ ውሸት ሞልቶ መፈረም ደግሞ ወንጀል ነው። ሱቁ ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ) ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን ሳይሞላ አይሰጡህም፣ ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ እንደዛ ነው። ከግለሰብ ብትገዛም እዚህ ስቴት ባክግራውንድ ቼክ የግድ ነው፣ ፓርኪንግ ላይ ብር ተቀባብሎ መለያየት የለም።
የአዳኝ ትምህርቱን ወስደሃል? ከ1949 ጃንዋሪ 1 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የሀንተር ኤጁኬሽን ካርድ ከሌለው ላይሰንስ አይሸጥለትም። ክፍሉ ቶሎ ይሞላል፣ ከጠመንጃው በፊት እሱን ያዝ።

ጋሽ_ዝናር፦
ተመለስኩ። እህታችን የተናገረችው አንድም አይጣል።
አሁን ቃታው። የ700 የድሮው ቃታ በአሜሪካ ለብዙ ዓመት ክስ የተካሄደበት ነው፣ ቃታው ሳይነካ ተኮሰ የሚል ክስ፣ መጨረሻ ላይ ኩባንያው ቃታ በነጻ ልቀይር ብሎ በፍርድ ቤት ስምምነት ጨርሷል፣ የማመልከቻው ጊዜ ግን 2020 ላይ አልፏል። ስለዚህ በራስህ ትፈትነዋለህ። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ቦልቱን ዝጋ፣ ሴፍቲ (እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) አድርግ፣ ቃታውን ጠበቅ አድርገህ ሳብና ልቀቅ፣ ከዛ ቃታውን ሳትነካ ሴፍቲውን አንሳ። ቀጭ ካለ አትግዛው። ቦልቱን በኃይል ዝጋው፣ እጀታውን ነካ ነካ አድርገው፣ ሰደፉን በመዳፍህ መታ መታ አድርግ፣ በየትኛውም ጊዜ ቀጭ ማለት የለበትም። ይሄን ሁሉ ቢያልፍም እኔ ብሆን የድሮውን ቃታ አስወጥቼ ቲምኒ የሚባለውን ወይ ሌላ አዲስ ቃታ በገንስሚዝ (በጠመንጃ ሰሪ) አስገጥማለሁ፣ ወደ 150 - 200 ዶላር ቢያስወጣህ ነው፣ ዋጋ ስትከራከር ይሄን ቀንስልኝ በለው።
አንድ የማይነገር ነገር አለ። ከ1982 በፊት የተሰራው 700 ሴፍቲ ሲሆን ቦልቱም ይቆለፋል፣ ስለዚህ ጥይት ለማውጣት ሴፍቲውን ማንሳት የግድ ነው። አንተ የምታየው የ70ዎቹ ከሆነ እንደዛ ነው። ሁሌ ከመኪና ስትወርድም ስትገባም፣ ጥይት ስታወጣ አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ከሰው ርቀህ። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ መኪና ላይ የጎረሰ ጠመንጃ መያዝ ክልክል ነው። ሆዱ ስር የሚከፈት ክዳን ካለው ቢዲኤል ይሉታል፣ ካዝናው በአንዴ ይራገፋል፣ ክዳን የሌለው ኤዲኤል ከሆነ አንድ በአንድ እያቀባበልክ ነው የምታወጣው።
ጤፍ ነጋዴ ያለውም ውሸት አይደለም፣ አዲሱ በርካሽ በደንብ ይተኩሳል። ግን በርሜሉ ንጹህ የሆነ 700 አያረጅም፣ አንድ አዳኝ በዓመት የሚተኩሰው ከአንድ ሁለት ፓኮ አያልፍምና ብዙዎቹ አሮጌ የአደን ጠመንጃዎች የዛጉት መደርደሪያ ላይ ቆመው እንጂ በተኩስ አላለቁም። ለዛ ነው በርሜሉን እይ የምልህ።

የማንኩሳ_ልጅ፦
ርዕሱን ላጥፋባችሁ እንዳትሉኝ፣ በልጅግ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ከሀገራችን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው እየተሸጡ ነው አይደል? ሞዓ አንበሳ የተቀረጸበት ኢንተርኔት ላይ አይቼ እንባዬ መጣ። እሱን ገዝቶ ኤልክ ማደን አይቻልም?

ጋሽ_ዝናር፦
@የማንኩሳ_ልጅ ገብተዋል አዎ፣ ኤፍ ኤን ቤልጅየም የሰራቸውም አሉ፣ ጥይታቸው 7.92 በ57 ነው፣ እዚህ ሱቅ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ማውዘር ብለው ይሸጡታል። ግን ብዙዎቹ ጦርነት ያዩ፣ ዝናብ የበላቸው፣ ቦልታቸው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ሳይተኮስ በፊት ገንስሚዝ ዘንድ ወስደህ ሄድስፔሱ በጌጅ መለካት አለበት፣ ማለትም ቦልቱ ሲዘጋ ጥይቱ ኋላው ላይ ክፍተት ይተው አይተው ይታያል፣ ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ይቀደድና ጋዙ ወደ ፊትህ ይመጣል። ተለክቶ ቢያልፍ እንኳን የአሜሪካ ፋብሪካ ጥይት ለዚህ ጠመንጃ ለዘብ ተደርጎ ነው የሚሞላው፣ ምክንያቱም የ1888ቱ ጀርመን ሰራሽ የበርሜሉ ቀዳዳ ጠበብ ስለሚል እዛ ላይ እንዳይገባ ፈርተው ነው። ለግድግዳ ግዛው፣ ለታሪክ ግዛው። ለአደን የአውሮራውን ልጅ መንገድ ተከተል።

አውሮራው፦
ወገኖች ገዛሁት!! ቃታው ፈተናውን አልፏል፣ በርሜሉ እንደ መስታወት ነው፣ ግን የጋሼን ምክር ይዤ ገንስሚዙ ጋ ለቃታ ትቼዋለሁ። ሻጩ 420 አደረገልኝ። አሁን ተኩሱን ንገሩኝ፣ ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃ ቦታ) ስወስደው ከየት ነው የምጀምረው? ስኮፑስ ይቀየር?

በረዶ_ለባሿ፦
እንኳን ደስ ያለህ! ስኮፑን ወዲያው አትቀይር፣ መጀመሪያ ይፈተን። ቦልቱን አውጥተህ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስተካክለህ አስቀምጥ፣ በበርሜሉ ውስጥ አሾልከህ 25 ያርድ ላይ ያለውን ኢላማ መሀል ላይ አምጣው፣ ከዛ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የስኮፑን መስቀል እዛው ኢላማ ላይ አዙረህ አድርሰው። አሁን ቦልቱን መልሰህ 25 ያርድ ላይ ተኩስ። አብዛኛው ስኮፕ ማስተካከያውን ስታዞረው አንድ ጠቅታው 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ነው፣ 25 ያርድ ላይ ግን አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ጠቅታ ይፈልጋል፣ ይሄን ያላወቀ ሰው ስኮፑ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ወደ መሀል ከመጣ ወደ 100 ያርድ ውሰደው። እዛ ላይ ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ እንዲመታ ብታደርገው 200 ያርድ ላይ ልክ መሀል ይገባል፣ ለጀማሪ ከዛ በላይ ርቀት አያስፈልግም። የድሮ ስኮፕ ጠባዩ ስታዞረው ዝም ብሎ ይቀመጥና ከአንድ ጥይት በኋላ በራሱ ይዘላል፣ እንደዛ ካደረገ ያኔ ቀይረው።
ሶስት ተኩስና በርሜሉ ይቀዝቅዝ፣ የአደን በርሜል ቀጭን ነው፣ ሲግል ጥይቱ ይበተናል። አይንህን ስኮፑ ላይ አትለጥፍ፣ ሶስት ኢንች ተኩል ያህል ራቅ በል፣ 30-06 ይገፋል፣ ቅንድባቸው ላይ ግማሽ ጨረቃ የታተመባቸው ሰዎች ሬንጅ ላይ ታያለህ። ጆሮና አይን መከላከያ ሳታደርግ አንድም እንዳትተኩስ።
ሳጥኑ ላይ 308 የሚል ጥይት ጎን ለጎን ይሸጣል፣ አረሩ አንድ አይነት ነው ግን ቀለሁ ያጥራል፣ በርሜሉ ላይ የተጻፈው እና ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አንድ መሆኑን ሁሌ አስተያይ።

ጤፍ_ነጋዴ፦
ተሸነፍኩ፣ መልካም አደን 😄 ጥያቄ አለኝ ግን፣ ኤልክ ብትጥል ያን ሁሉ ስጋ መቼ ትበላዋለህ? ጾመ ነቢያት እኮ ኖቬምበር 24 ይገባል።

አውሮራው፦
ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ከጣልኩ አንድ ወር አለኝ፣ የተረፈው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ቋንጣም አለ። ብቻ ይውደቅልኝ።

ጋሽ_ዝናር፦
ከጠረጴዛ ላይ ብቻ አትለማመድ፣ ተራራ ላይ ጠረጴዛ የለም። ተንበርክከህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ዛፍ ተደግፈህ ተኩስ። ጓደኛህ አንዳንዴ ባዶ የልምምድ ጥይት ደባልቆ ያጉርስልህ፣ ቃታ ስትስብ ሳይተኮስ አፈሙዙ ከዘለለ ፈርተህ እየነቀነቅከው ነው ማለት ነው፣ እሱ እስኪጠፋ ተለማመድ። ብርቱካናማ ወይ ሮዝ ልብስህን እንዳትረሳ፣ ህጉ 500 ስኩዌር ኢንች ከወገብ በላይ ይላል፣ ኮፍያውም ጭምር። ቃታው ሲመለስ ፎቶ ለጥፍልን።